ከክረምት በፊት የድንጋይ ካባ ተረፈ አፈርና ጎርፍ እንዴት እንደሚያዝ

በባሕር ዳር ዙሪያ ድንጋይና ገረጋንቲ የምታወጡ ማኅበራት ከድንጋዩ በፊት ስለ ውኃው አስቡ። ከካባ የወጣ አፈር በጋውን ዝም ብሎ ይከርማል። ሐምሌ ሲገባ ታጥቦ ግማሹ የገበሬ ማሳ ላይ ይተኛል፤ ቀሪው በየጅረቱ ጣና ወይም ዓባይ ይገባል። ጣና ስፋቱ ብዙ ነው እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ደለል አይችልም። ከማሳ አፈር ጋር የሚታጠበው ማዳበሪያም የሐይቁን አረም እምቦጭን ይመግባል። ስለዚህ ሥራው በግንቦት ይለቅ።

መጀመሪያ ከላይ የሚመጣውን ንጹሕ ውኃ ካባው ውስጥ ሳይገባ መልሱት። ከአፋፉ ከፍ ብላችሁ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ አፈሩን በታችኛው ጠርዝ ከምሩ። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። በገመድና በውኃ ልክ ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ጎርፉ ዱሮ በየት ይወርድ እንደነበር የአካባቢውን ገበሬዎች ጠይቁ፤ በየማሳቸው ፈሰስ ሲያወጡ የኖሩ ናቸውና ከማንም በላይ ያውቁታል። የቦዩን መጨረሻ ሣር ወዳለበት ወይም ድንጋይ ወደተነጠፈ መውረጃ ምሩት እንጂ የሰው ማሳ ላይ አትልቀቁት።

ለሙን የላይ አፈር ለብቻ፣ ከ2 ሜትር ሳይበልጥ ከምራችሁ ሣር ዝሩበት፤ ካባው ሲዘጋ መልሳችሁ የምታለብሱት እሱን ነው። ተረፈ ድንጋዩንና አፈሩን ሲኖትራክ ከገደል አፋፍ ቁልቁል እንዲደፋው አትፍቀዱ። ዋልካ መሬት ላይም አትከምሩ፤ ዋልካ ሲርስ ከነክምሩ ይንሸራተታል። ደረቅና ጠንካራ ቦታ መርጣችሁ በስሱ እየደለደላችሁ በሎደር ጠቅጥቁት። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ጎኑ 2 ሜትር ይዘርጋ፤ ግርጌውን በድንጋይ ካብ ያዙት።

ካባው ውስጥ የወረደው ድፍርስ ደግሞ ማረፊያ ኩሬ ይፈልጋል። 1 ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ ትንሽ ጉድጓድ አይችለውም። ድፍርሱን በሃይላንድ ቀድታችሁ አስቀምጡት፦ አሸዋው ወዲያው ታች ይተኛል፣ ቀዩ ሸክላ ግን በማግሥቱም ውኃውን እንዳደፈረሰ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ኩሬውን ርዝመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ አድርጉ፣ መግቢያና መውጫውን በሁለቱ ጫፎች አራርቁ፣ መውጫውን ድንጋይ አንጥፉበት።

ኩሬውን ሳታጥሩ አንድ ቀን አትደሩ። እረኛ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፤ ዳሩ ገደል ከሆነ ደግሞ መውጫ የለም። በአንድ በኩል ገራም መውጫ ተዉለት።

ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ ቦዩን ዙሩት፣ የተሰበረውን ወዲያው ጠግኑ። ኩሬው እስከ ግማሽ በደለል ሲሞላ ጥረጉት፤ የወጣውን ጭቃ መልሶ ጎርፍ በማያገኘው ሜዳ አድርቁት።