የሚወዛወዘው ሰንጢ እንዴት ተስተካከለ

ሰንጢው በእጅ የተሠራ፣ በስቲምፓንክ ስልት (የድሮ የእንፋሎት ዘመን ማሽኖችን በሚያስመስል የጌጥ ስልት) የአሮጌ ሰዓት ጥርሶች እጀታው ላይ የተለበጡበት ነው። የማጠፊያውን ብሎን ሳጠብቀው ስለቱ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ትንሽ ሳላላው ደግሞ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የአዳማ ሙቀት ነው ያሉኝ ነበሩ፤ አላሳመነኝም።

ፈታሁት። የሰዓት ጥርሶቹ ለጌጥ ብቻ ስለሆኑ አልነካኋቸውም። ከስለቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የነሐስ ሮንዴላዎች (ብሎኑ የሚያልፍባቸውን ስስ ቀለበቶች) በጥቁር ማርከር ቀብቼ፣ መስታወት ላይ በተዘረጋ ባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት አሸኋቸው። ቀለሙ ከጠርዙ ብቻ ለቀቀ፤ መሐሉ እንደጠቆረ ቀረ። ምክንያቱ ተገኘ! የነሐስ ላሜራ በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ይነሳል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ስለቱን አንቆ የሚይዘው ያ ጠርዝ ነው፤ ሲላላ ደግሞ የተስተካከለ መደገፊያ የለውም። ቀለሙ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለቱንም ገጽ አሽቼ ይበልጥ ደቃቅ በሆነው ባለ 1000 ጨረስኩ።

ብሎኑ እንዳይላላ በራሱ በብሎኑ ጥርስ ላይ ጥቂት የጥፍር ቀለም አደረግሁ፤ ሮንዴላው ላይ ግን መድረስ የለበትም። ለማለስለሻ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፤ የከተማችንን አቧራ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ስለቱ በአውራ ጣት ይከፈታል፤ ከተከፈተም በኋላ አይነቃነቅም።