ኢንፍሉዌንዛ ሰፈር ሲገባ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ ይነሳል። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ያኔ ክትባት አልነበረም፤ ሐኪምም እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ ስለ በሽታው ብዙ ይታወቃል። ግን ወረርሽኙ ሲነሳ አሁንም የሚጎዱን ነገሮች ከቤታችንና ከሰፈራችን ልማድ አልወጡም።

ጭስ በሽታውን ያባርራል ማለት

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ብዙ ጊዜ ከዚያ ክፉ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነገር ልማድ ነው። ሰፈር መጽዳቱ እሰየው ነው። ችግሩ እሳቱ ላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ከቆሻሻ አይነሳም። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስናወራ በሚወጣ ፍንጣቂ እና ባልታጠበ እጅ ነው። ጭሱ ስርጭቱን አይገታም። አስም ያለበትን ሰውና የሕፃናትን ሳንባ ግን ይጎዳል፤ ፕላስቲክ ሲቃጠልማ ይብሳል። ጥረጉ፣ ሰብስቡ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ። ክብሪቱ ይቅር።

መስኮት መዝጋት

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ሊመታን ነው» የሚል አይጠፋም። ንፋሱ በሽታውን የሚያመጣው ይመስለናል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚመቸው የታፈነ ቦታ ነው። ሚኒባስ ሙሉ ሰው መስኮት ዘግቶ ሲሄድ፣ አንዱ የሳለውን ሁሉም ይተነፍሰዋል። የታጨቀ መማሪያ ክፍልም፣ ሸራው በአራቱም ማዕዘን የተዘጋ የለቅሶ ድንኳንም እንደዚያው ነው።

መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። አየሩ እንዲተላለፍ በሁለት ወገን ያሉ መስኮቶችን ትንሽ ትንሽ ክፈቱ። ድንኳን ከሆነ አንድ ጎኑን ግለጡት። ከበረደን ጋቢ እንደርባለን። ቤት ውስጥ የታመመ ካለና ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሽተኛው መስኮት አጠገብ ይተኛ፤ ሌላው ሰው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ሲያስታምሙ ማስክ ማድረግ፣ እጅን በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል መታጠብም ከዚህ ጋር ይሂድ።

ተሰብስቦ መጠየቅ

ሰው ታሞ ሳይጠየቅ መቅረት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይሄ ልማዳችን መልካም ነው። ግን በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ምልክቱ ከመታየቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታመመ በኋላም ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሊያስተላልፍ ይችላል። ልጆች ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ በስልክ ጠይቁ። ሾርባ ወይም ገንፎ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በር ላይ አድርሱ። ራሳችሁ ካማችሁ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን አትሳሙ። «እማማ፣ አሞኛል፤ ዛሬ ከሩቅ ልሰናበትዎት» ቢባሉ የሚቀየሙ እናት አላውቅም። በሽታው አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ሰዎች አብዝቶ ይጎዳል።

ሥራ መግባትና ልጅን ትምህርት ቤት መላክም ከዚሁ አይለይም። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ጠፍቶ 24 ሰዓት እስኪሞላው ቤት መቆየት ነው። ቀን ሠርቶ ለሚያድር ሰው ግን «ቤትህ ተኛ» ማለት ብቻውን ምንም አይፈይድለትም። እዚህ ላይ ነው ቀጣዩ ስህተት የሚመጣው።

ዕድርን ለቀብር ብቻ ማሰብ

ዕድር የአባላት ስም ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ አለው፣ መልእክት የሚያደርስ ሰው አለው፣ ድንኳንና ዕቃ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይታመናል። ወረርሽኝን ለመከላከል ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ማሰቢያው ጊዜ አሁን ነው፤ ሰዉ ሁሉ ከተኛ በኋላ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ማነው? አልጋ የያዘ የት ቤት አለ? የታመመው ቤት ውኃ ማን ይቀዳል? ለዕለት ጉርሱ የሚሠራ አባል ለሳምንት ቢተኛ ከካዝናው ምን ያህል ይሰጠዋል? ይሄ በአንድ የወር ስብሰባ ተወስኖ መጻፍ ይችላል። የለቅሶ ቤት በር ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ማስቀመጥም በዚያው ይወሰን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ በጸሐፊው እጅ ይኑር። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ክፍል ብዙ ሰው በአንዴ ከታመመ ለጤና ጣቢያ አሳውቁ፤ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ነው።

የራስን መድኃኒት ማዘዝ

አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል፤ በእርግጥ ሲያስፈልግ አይሠራም። ለአብዛኛው ሰው ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽና እረፍት ይበቃል። ለልጅ አስፕሪን አትስጡ። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ልጅን በፈላ ውኃ እንፋሎት ማጠንም ይቅር፤ ውኃው ተደፍቶ ያቃጥላል።

ክትባቱን በሩቁ መፍራት

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ቫይረሱ ስለሚቀያየር በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለመሥራትም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በመደበኛው ፕሮግራም ስለማይሰጥ፣ ተጋላጭ የሆነ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ለገና ወደ አገር ቤት ስትመጡ እዚያ ኢንፍሉዌንዛ የሚበዛበት ወቅት ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ተከተቡ፤ ሻንጣ ይዛችሁ መጀመሪያ የምታቅፉት አያታችሁን ነው።

«ያልፋል» ብሎ መጠበቅ

ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያልፋል፤ ሳሉ ብቻ ሊሰነብት ይችላል። መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ ግን አለ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሰውየው ከቀባዠረ፣ ልጅ አልጠባም ወይም አልጠጣም ካለ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ተሽሎት ከዋለ በኋላ ትኩሳቱ የተመለሰበትንም ሰው እንዲሁ። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።