ሊብሬው በማን ስም ይውጣ? ለአገር ቤት ዘመድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ለምትገዙ

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ከሜሪላንድም ከሪያድም ከቴል አቪቭም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ለወንድሜ ሥራ እንዲሠራበት ርካሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛለት ነው፤ የቱ ይሻላል?» ስለ ሞተሩ የምለው አጭር ነው። ብዙ የሚያናግረኝ ገንዘቡ ከእናንተ እጅ ወጥቶ ሞተሩ ወንድማችሁ እጅ እስኪገባ ድረስ መሀል ላይ የሚቆመው ሰው ነው።

ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር እርሱት። ባትሪው ላይ የተጻፉትን ቮልትና አምፔር ሰዓት አባዙ። 72 ቮልት በ20 አምፔር ሰዓት 1,440 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞተር በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ስለሚበላ፣ ሻጩ መቶ ቢልም በአንድ ቻርጅ 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እሰየው ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ይህ አይበቃም፤ 72 ቮልት በ32 አምፔር ሰዓት የሆነው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስደዋል።

የሞተሩን ጉልበት ከተማው ይወስነዋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፤ 1,000 ዋት አያሳፍርም። ጎንደርና ደሴ ግን ዳገታቸው አነስተኛውን ሞተር አግሎ ያቆመዋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ዋት ሞተሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ነው ወይስ ለጥቂት ሰከንድ የሚደርስበት ጣሪያ? ይህን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ጣሪያው ነው።

ዋናው ባትሪው ነው። ርካሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ የሆነው በአሲድ ባትሪ ስለሚሠራ ነው። የአሲድ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ ይወድቃል፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ከአንድ ዓመት ብዙም የማያልፍ ዕድሜ ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ከ1,500 ጊዜ በላይ ይዘልቃል። ስለዚህ ለሥራ ከሆነ ሊቲየም፤ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ አባት ከሆነ አሲዱም ይበቃል።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሞተሩ የሚገዛው ከአዲስ አበባ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ «ሰው አለኝ፣ ተወው ለእኔ» አለ። በስልክ የተላከልኝ ፕሮፎርማ ላይ 72 በ32 ሊቲየም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ገንዘቡ በእሱ ሒሳብ ይግባ የተባለው «በደረሰኝ ከሆነ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል» በሚል ምክንያት ነው። ሞተሩ ባሕር ዳር ሲደርስ ወንድሜ ወንበሩን ቢከፍት ከሥሩ ስድስት ግራጫ የአሲድ ባትሪዎች ተደርድረዋል። የአጎቴ ልጅ መልስ «ባትሪ ያው ባትሪ ነው» የሚል ነበር። የዋጋው ልዩነት የት ገባ? የትራንስፖርት ነው፣ የደላላ ነው፣ የሻይ ነው።

ይህን እንደምንም ዋጥነው። ያልተዋጠው ሊብሬው ነው። «የወንድምህ መታወቂያ የክልል ስለሆነ ይጓተታል፤ ለጊዜው በእኔ ስም ይውጣ» ብሎ በስሙ አስወጥቶታል። ለጊዜው የተባለው ዓመታዊ ምርመራ እስኪደርስ ቆየ። ቦሎ ለማውጣት ባለንብረቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ይቅረብ ተባለ፤ ባለንብረቱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሲያነሳ ያለው «እኔስ የደከምኩበት?» ነው። ወንድሜ ሥራውን ፈትቶ ቤት ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ያልደወለልኝ ዘመድ የለም። አጎቴ «አንተ ልጅ፣ በብረት ምክንያት ሥጋህን ትከሳለህ?» አሉኝ። አክስቴ በበኩሏ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብላ ዘጋችው። ልብ በሉ፤ ባትሪ የቀየረው ሰው ምንም አልተባለም። ስስታም የተባለው፣ «ውጭ ኖሮ ልቡ ደነደነ» የተባለው ደረሰኝ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እናንተ በፈረቃ ሠርታችሁ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ እዚያ ሲደርስ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ከሰማይ ለወረደ ነገር ደግሞ ማን ሒሳብ ያወራርዳል? በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ስሙ ተዛወረ፤ የማዛወሪያውን ወጪ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ዘመድ አትመኑ እያልኩ አይደለም። ዘመድን በነፃ አታሠሩ ነው የምለው። በነፃ የደከመ ሰው ዋጋውን ራሱ ተምኖ ራሱ ይከፍላል፤ ስንት እንደወሰደም አታውቁም። «የድካምህ ይህን ያህል ነው፣ ሊብሬው በወንድሜ ስም ወጥቶ ፎቶው ሲደርሰኝ እልክልሃለሁ» በሉት። ያፍር ይሆናል፤ «ምነው እኔ ሌላ ሰው ነኝ?» ይል ይሆናል። ዋጋውን ተቀብሎ የሚሠራ ዘመድ ግን ስታዝዙት ይሰማል፣ ሲያጠፋም ትጠይቁታላችሁ። አልቀበልም ብሎ አጥብቆ ከማለላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የሚገዛውና የሚመረምረው ሰው አንድ አይሁን። ሁለቱ እምብዛም ባይዋደዱ ይመረጣል። ከማኅበር ወዳጅም ሆነ ከትምህርት ቤት ጓደኛ ይልቅ ለአንድ ጠዋት ተከፍሎት የሚሄድ መካኒክ ይሻላል፤ እሱ ከእናንተም ከሻጩም ጋር የሚበላው ሠርግ የለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተጠቃሚው ራሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ እንዲረከብ ማድረግ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ቀጥሎ ባትሪውን አውጥቶ በአንድ እጅ ያንሳው። 72 በ32 ሊቲየም 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ የ72 በ20 የአሲድ ባትሪ እንኳ በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ተለጣፊ ወረቀት ይዋሻል፣ ክብደት ግን ማንም ሊለጥፈው አይችልም።

ገንዘቡ በባንክ በቀጥታ ለሻጩ ድርጅት ሒሳብ ይግባ፤ ፕሮፎርማውም ደረሰኙም በተጠቃሚው ስም ይሁን። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተመልከቱ።

ሊብሬውን በራሳችሁ ስም ማውጣትም የሚያስመኝ መፍትሔ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ተጠያቂ እንደሚያደርግ ግን አስቡ፤ ወንድማችሁ ሰው ቢገጭ ከሳሹ የሚፈልገው እናንተን ነው። ስጦታ ከሆነ በተቀባዩ ስም ይውጣ፤ ያኔ ውክልናም አያስፈልግም። የግድ በስማችሁ ከሆነ በኤምባሲ የምትሰጡት ውክልና ልዩ ይሁን፤ መግዛት፣ ማስመዝገብና ዓመታዊ ምርመራ ማስደረግ ብቻ። ተዘጋጅቶ በሚቀርብላችሁ ቅጽ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ካለ ሰርዙት። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፤ ንብረታችሁን የሚያስሸጠው እናንተው ሳታነቡ የፈረማችሁበት መስመር ነው።

ሦስተኛ ወገን መድን፣ ታርጋና መንጃ ፈቃድ ግዴታ ናቸው። በአዲስ አበባ የሚነዳ ከሆነ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተር ሳይክሎችን ስላገደች፣ ወንድማችሁ ከትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ሳይጠይቅ አንድ ሳንቲም አትላኩ።

ተከራይ ከሆነ ከአከራዩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤተሰብ በሚያገለግልበት ግቢ፣ ሌሊት የሚሰካ ሞተር ጠብ መፈለግ ነው። የ72 በ32 ባትሪ ሙሉ ቻርጅ የሚበላው መብራት ለአንድ ሰዓት እንጀራ ከሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ መሆኑን ለአከራዩ ያስረዳ፤ የወር ድርሻውንም በቁርጥ ይስማማ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሊያቃጥለው ይችላል። ትርፍ ቻርጀር ሰው ሲሄድ በሻንጣ ማስያዝ ትችላላችሁ። የሞተር ሊቲየም ባትሪ ግን በአደገኛ ዕቃነት የተመደበ ስለሆነ በሻንጣ አይሄድም፤ «እኔ አሳልፈዋለሁ» ለሚላችሁ ሰው አትስጡት።