ትራይፖዱ ለምን ይንቀጠቀጣል? ቴሌስኮፕና ካሜራ ስናቆም የምንሠራቸው ስህተቶች

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ወጡን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጉልቻው፣ ማለትም ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ (ትራይፖዱ) ነው። የጨረቃ ፎቶ ሲደበዝዝብን ሌንሱን እንወቅሳለን። ሳተርን ቴሌስኮፑ ውስጥ ስትዘልብን «ዕቃው ርካሽ ነው» እንላለን። 100 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ የእግሩንም መንቀጥቀጥ 100 እጥፍ አጉልቶ ነው የሚያሳየን። እግሩን ሳናይ አዲስ ሌንስ ባንገዛ ጥሩ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ መሳብ ነው። ላለማጎንበስ ብለን ሁላችንም እናደርገዋለን። ዘንጉ በወጣ ቁጥር ግን ባለሦስት እግሩ ባለአንድ እግር እየሆነ ይሄዳል። ቁመት ከፈለጋችሁ እግሮቹን አርዝሙ። እሱንም ከወፍራሙ ክፍል ጀምሩ። የታችኛው ቀጭኑ ካላስፈለገ ባይወጣ ይሻላል። ለቴሌስኮፕማ በርጩማን የሚያህል መድኃኒት የለም። እግሮቹን አሳጥሩና ቁጭ ብላችሁ እዩ። የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ስለሚረጋ ከቆመው ይልቅ ብዙ ዝርዝር ያያል።

ቦታ አለመምረጥ ሌላው ነው። እኔ ለወራት ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሞክሬያለሁ። ጎረቤት በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ጁፒተር ትንቀጠቀጥብኝ ነበር። ያንኑ ቴሌስኮፕ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ባቆመው ቀጥ አለ። በጣም ነው የቆጨኝ። አፈር ላይ ስታቆሙ እግሩ ሹል ጫፍ ካለው ሹሉን አውጡ፤ ሲሚንቶ ላይ ጎማው ይሁን። ጭቃና አሸዋ ላይ በየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ቁልቁለት ከሆነ ሁለቱ እግሮች ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ ይሁኑ። ረጅም ሌንስ ካለ ከሥሩ አንድ እግር ይዋል።

ንፋስ ሲኖር ቦርሳ መሃሉ ላይ ማንጠልጠል ጥሩ ነው። ችግሩ ቦርሳው እንደ ደወል ሲወዛወዝ ነው፤ ያኔ ራሱ ያንቀጠቅጣል። መሬቱን ነካ እንዲያደርግ አውርዱት፣ ወይም ከእግሩ ጋር እሰሩት። የካሜራውንም ማንገቻ ፍቱት። እሱ ሲርገበገብ እንደ ሸራ ንፋስ ይይዛል።

የካሜራውን ማንሻ ቁልፍ በጣት መጫን የለመደብን ነው፤ ጣታችን ግን ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀሙ፤ ሌንሱ ከባድ ከሆነ 10 ሰከንድ ይሻላል። መንቀጥቀጥ መከላከያውንም አጥፉት፤ በጸና እግር ላይ አንዳንዱ ሌንስ የሌለ ንዝረት ሲያሳድድ ምስሉን ያበላሻል። እነዚህን ቀድሞ መልመድ ያስፈልጋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ በታየው ቀለበት መሰል የፀሐይ ግርዶሽ ቀለበቱ የቆየው ከአንድ ደቂቃ ብዙ ሳይዘል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ እንደገና የሚሞከር ነገር የለም። (ፀሐይን ስታነሱ ከሌንሱ ፊት የፀሐይ ማጣሪያ ግድ ነው።)

ጥፋት የሌለበትን ትራይፖድ መክሰስም አለ። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዋክብት በፎቶው ላይ ይሰመራሉ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሰከንድ ገደማ ሲያልፍ መታየት ይጀምራል። መስመሮቹ ለስላሳ ከሆኑ የመሬት ዙረት ነው። ከተጠማዘዙ ወይም ከተሰባበሩ ግን እግሩን ጠርጥሩ።

ይህን በሁለት ደቂቃ ማጣራት ይቻላል። ቴሌስኮፑን አንድ ብሩህ ኮከብ ላይ አነጣጥሩ፣ ቱቦውን በጣት መታ አድርጉና ቁጠሩ። በአንድ በሁለት ሰከንድ ከረጋ ሥራችሁን ቀጥሉ። አምስት ድረስ ከቆጠራችሁ እግሮቹ ከትራይፖዱ አናት ጋር የሚገናኙበትን ብሎን በመፍቻ አጥብቃችሁ እንደገና መታ አድርጉት።