የኑክሌር ጥበቃን ለመማርና ለመሥራት ለምታስቡ

«ፊዚክስ ጨርሻለሁ፤ በኑክሌር ጥበቃ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። የት ላመልክት?» ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የትብብር ሰነድ ከተፈራረመች ወዲህ ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። ግን ዩኒቨርሲቲ ከመጥራቴ በፊት እኔም እጠይቃለሁ፦ ምኑን ልትጠብቁ ነው?

ኑክሌር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቦምብና ሪአክተር ነው። አብዛኛው ሥራችን ግን መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ጨረራ የምታመነጭ የሴዚየም ወይም የኮባልት እንክብል ላይ ነው። በመስከረም 1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከተዘጋ ክሊኒክ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ፈተው ለቁራሌ ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ የነበረው ሴዚየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለነበር ለዘመድ ለጎረቤት ተከፋፈለ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበከሉ፤ ከ110 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ። እዚያ ማንም ክፉ ያሰበ አልነበረም። ክፉ ያሰበ ሰው ቢያገኘውስ? የኑክሌር ጥበቃ ከዚህ ይነሣል፦ ስርቆትንና አሻጥርን መከላከል፣ የጠፋውን ማግኘት፣ ከደረሰም ምላሽ መስጠት። አደጋ እንዳይደርስ የሚሠሩትና መንግሥታት ኑክሌሩን ወደ ጦር መሣሪያ እንዳያዞሩ የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች የሙያ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አብረን እንሠራለን፤ ትምህርቱ ግን ይለያያልና ስታመለክቱ አታደባልቁት።

እኛ ሀገርም ሥራው ሪአክተር እስኪመጣ አይጠብቅም። የጨረራ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ በጨረራ የሚመክንበት ማዕከል አለ፤ መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ጥግግት በጨረራ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ የቧንቧ ብየዳ በጨረራ ይፈተሻል። እኔ ራሴ ወደ ሙያው የገባሁት በሆስፒታል የሕክምና ፊዚክስ በር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በራችሁን ምረጡ። የፊዚክስ ሰው ወደ ጨረራ መለየት፣ የኬሚስትሪ ሰው የተያዘ ቁስ ከየት እንደመጣ ወደሚመረምረው ፎረንሲክ፣ መሐንዲሱ ወደ አጥር፣ ካሜራና ማንቂያ ንድፍ፣ የኮምፒውተር ሰው ወደ መቆጣጠሪያ ሥርዓቶች ጥበቃ፣ የሕግ ሰው ወደ ስምምነቶችና አዋጆች። አቋሜ ግልጽ ነው፦ የራሳችሁን ሙያ ሳታጠብቁ «የኑክሌር ጥበቃ ባለሙያ» ለመሆን አትቸኩሉ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ ጥሩ ይናገራል፤ ማንቂያው ሲጮህ ግን የሚፈለገው ሌላ ሰው ነው።

ማንቂያው ሲጮህ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። የጭነት መኪና ድንበር ላይ በጨረራ መፈተሻ በር ያልፋል፤ ቀይ መብራት ይበራል። ሾፌሩ ይደነግጣል፤ ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል። ባለሙያው በእጅ የሚያዝ መለያ ይዞ ጭነቱን ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል። ጨረራው በጭነቱ ሙሉ ተመሳሳይ ሆኖ በስፔክትረሙ (የጨረራውን ኃይል በሚያሳየው ግራፍ) ላይ 1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጫፍ ካየ በተፈጥሮ የሚገኘው ፖታሲየም 40 ነው፤ ማዳበሪያ ወይም ሴራሚክ ሊሆን ይችላል፣ ከጭነት ሰነዱ ጋር አመሳክሮ ያሳልፈዋል። 140 ላይ ካየና ምንጩ ራሱ ሾፌሩ ከሆነ ሰውዬው በቅርቡ ለሕክምና ምርመራ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረራ ሰጪ ንጥረ ነገር የተወጋ ታካሚ ሳይሆን አይቀርም፤ በአክብሮት ይጠይቀዋል። ጨረራው አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ 662 ላይ ጫፍ ካየ ግን ሴዚየም 137 ነው። ያኔ ሰው ይርቃል፣ መኪናው ይቆማል፣ ስልክ ይደወላል። የፊዚክስ ተማሪ ከሆናችሁ ትምህርት ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን ሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር አስፈቅዳችሁ ይህንኑ ተለማመዱ፤ ውጤቱን በአምስት ገጽ ጻፉት። ያ ጽሑፍ ለማመልከቻችሁ ከማንኛውም የአዳራሽ ሥልጠና ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ንባቡ ነጻ ነው። ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የኑክሌር ጥበቃ ተከታታይ ኅትመቶቹን ያለ ክፍያ እንዲወርዱ ያቀርባል፤ የኦንላይን ኮርሶችም አሉት። ከቁጥር 14 ጀምሩ፤ ስለ ሬዲዮአክቲቭ ቁሶች ጥበቃ ስለሆነ ለእኛ ይቀርባል። ቁጥር 13 ስለ ኑክሌር ቁሶችና ተቋማት ነው፣ ይከተል። ከዚያ በ1980 እ.ኤ.አ. ለፊርማ የተከፈተውንና ማሻሻያው በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለውን የኑክሌር ቁሶች ጥበቃ ስምምነት፣ ከሀገር ውስጥ ደግሞ የጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ን አንብቡ። የራሱን ሀገር አዋጅ ያላነበበ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ልምጣ። ሶፊያ የሚገኘው የብሔራዊና የዓለም ኢኮኖሚ ዩኒቨርሲቲ ከኤጀንሲው ጋር በመተባበር በኑክሌር ጥበቃ ስም የማስተርስ ፕሮግራም ከፍቷል፤ ወደ አስተዳደርና ሕግ ለሚያዘነብል ይስማማል። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በፖሊሲው ጠንካራ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የምሕንድስና ሰዎች ቤት ነው፤ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለኦክ ሪጅ፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ላቦራቶሪ ቅርብ ነው። ከአፍሪካ ሳትወጡ መማር ከፈለጋችሁ ጋና ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የኑክሌር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለው፤ ለጨረራ መከላከል መሠረት ለመጣል በጣም እመክረዋለሁ። ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ትሪየስቴ፣ ጣሊያን የሚሰጠውን አጭር ዓለም አቀፍ የኑክሌር ጥበቃ ትምህርት ተከታተሉ። ፕሮግራሙ የትም ይሁን ሁለት ነገር በኢሜይል ጠይቁ፦ ላቦራቶሪና የተግባር ልምምድ አለው? ያለፈው ዓመት ምሩቃን የት ናቸው? ለሁለተኛው ጥያቄ የተድበሰበሰ መልስ ከመጣ ተጠንቀቁ።

አሜሪካን በተመለከተ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ብዙው የዚህ ዘርፍ ሥራ የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ ዜግነት ያስፈልጋል። ትምህርቱን መማር ትችላላችሁ፣ ሥራው ግን ላይከፈት ይችላል። በተቃራኒው እዚያ ተወልዳችሁ ወይም ዜግነት አግኝታችሁ ለምታድጉ የእኛ ልጆች የአሜሪካ ብሔራዊ የኑክሌር ጥበቃ አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ አለላችሁ፤ ክፍያ ያለው የአንድ ዓመት ሥራ ነው፣ ዜግነት ግን ግዴታው ነው።

እህቶቼ ይህን በተለይ ያንብቡልኝ። የቪየናው ኤጀንሲ በ2020 እ.ኤ.አ. በማሪ ኩሪ ስም የጀመረው ፌሎሺፕ ለሴቶች ብቻ ነው፤ ኑክሌር ጥበቃንም ይጨምራል። ለማስተርስ በዓመት እስከ 10 ሺህ ዩሮ ለትምህርት ክፍያ፣ እስከ 10 ሺህ ዩሮ ለኑሮ፣ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ የኢንተርንሺፕ ዕድልም አለው። ዩኒቨርሲቲውን ግን ራሳችሁ ናችሁ የምታገኙት፤ ስለዚህ ሁለቱን ማመልከቻ ጎን ለጎን አስኪዱ። ውጤታቸው የሚያኮራ ልጆች «ለእኔ አይሆንም» ብለው ሳያመለክቱ ሲቀሩ ማየት ያንገበግበኛል።

የማመልከቻ ደብዳቤያችሁ «ሀገሬን በዘርፉ ለማገልገል ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ብሎ አይጀምር። ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። እንዲህ ይሁን፦ «በመመረቂያ ሥራዬ የማዳበሪያ ናሙናዎችን ስፔክትረም ለክቻለሁ። ፖታሲየምን ከሴዚየም መለየት ቀላል ነው፤ ሴዚየሙ በጣም ጥቂት ሲሆን ግን ከፖታሲየሙ ጨረራ ሥር ይደበቃል። ይህን ክፍተት ማጥናት እፈልጋለሁ።» አንባቢው የምትሠሩትን ያያል፣ ፍላጎታችሁንም ያምናል።

የመመረቂያ ርእስ ስትመርጡ የአንድን እውነተኛ ሆስፒታል ወይም ማዕከል ድክመት በስም አትጻፉ። ዘርፉ በምናብ የተሠራ ተቋም ላይ ነው የሚለማመደው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ። የጨረራ ምንጭ ያለበትን ክፍል፣ ቁልፉን፣ የጥበቃውን ፈረቃ የሚያሳይ ፎቶ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ይህ ሙያ ቀጣሪው ታማኝነታችሁን የሚያጣራበት ነው፤ ልማዱ ከተማሪነት ይጀምራል።

ሥራውስ? ሀገር ውስጥ ቀዳሚው በር የጨረራ ቁጥጥሩን የሚመራው የቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው፤ ጉምሩክና ሆስፒታሎችም ሰው ይፈልጋሉ። ቪየናን የምታልሙ፣ ከኤጀንሲው የባለሙያ ደረጃዎች ፒ-2 ሁለት፣ ፒ-3 አምስት፣ ፒ-4 ሰባት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ውሉም በአብዛኛው የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ሰባት ዓመት አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከተመረቃችሁ በኋላ ጥቂት ዓመት ኢንስፔክተር ሆናችሁ ሥሩ፤ መጋዘን ገብታችሁ መዝገቡ ላይ ያለው የምንጩ መለያ ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ አረጋግጡ። እንዲህ ዓይነት ልምድ ያለው ሰው በቪየናም በአዲስ አበባም ጥቂት ነው። የኤጀንሲው ኢንተርንሺፕ ግን ልምድ አይጠይቅም፤ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረና ሃያ ዓመት የሞላው ያመለክታል። ማመልከቻውን ዛሬውኑ ማዘጋጀት መጀመር ትችላላችሁ።