በረኛና ተከላካይ ስትቀይሩ ቡድኑ እንዳይፈርስባችሁ

መሐል ተከላካያችሁ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ በረኛው ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ፣ የከተማ ቡድን የሚያሠለጥን ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ብዙዎች ታዲያ «ዘንድሮ ቡድን ግንባታ ላይ ነን» ይሉና የኋላውን መስመር በሙሉ በታዳጊ ይተኩታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በየሳምንቱ አራት አምስት ጎል የሚገባበት ልጅ ኳስ መፈለጉን ይተዋል።

በአንዴ ከሁለት ቦታ በላይ አትንኩ። አዲስ በረኛና አዲስ መሐል ተከላካይ ደግሞ በአንድ ቀን አይግቡ። አንድ ነባር መሐል ላይ ይቅር፤ ሩጫው ቢቀንስም የምትፈልጉት አፉን ነው፣ «ውጣ!»፣ «ሰው አለ!» እያለ አጠገቡ ያለውን ፈጣን ልጅ የሚመራው እሱ ነው።

መስመሩንም ዝቅ አድርጉት። ኦፍሳይድ ማስያዝ የሚሠራው አራቱ እኩል ሲወጡ ብቻ ነው። አንዱ ሁለት እርምጃ ከዘገየ አጥቂው ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ይገናኛል። እስኪግባቡ ድረስ ከፊታቸው ኳስ የሚነጥቅ አማካይ አቁሙላቸው።

አብዛኛውን የልምምድ ሰዓት ለበረኛው ስጡ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም ኳስ ከተገመተው አልፋ ትወድቃለች፤ ቆላ የለመደ ልጅ ደጋ ሲጫወት የሚሸወደው በዚህ ነው። ልምምድ ላይ ኳሷን ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ከማዕዘን አሻሙለት፣ አንድ ጎረምሳ በትከሻው ይግፋው፣ እሱ ግን «የኔ!» ብሎ ጮኾ ይውጣ። መያዝ ካቃተው በቡጢ ወደ ጎን ያርቃት።

ሕጉንም አስጠኑት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመልስ ምትን በራስ ቅጣት ምት ሳጥን ውስጥ ላለ ጓደኛ ማቀበል ይቻላል፣ ለአዲስ ተከላካይ ግን ጭንቀት ነው፤ ለጊዜው ረጅሙን ይምታ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ ማዕዘን ምት ይሰጣል። እየመራችሁ ሰዓት ልግደል ሲል በገዛ እጁ አደጋ ይጠራል፣ ስለዚህ ልምምድ ላይ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩለት።

ነጥቡስ ከየት ይመጣል? ከቆመ ኳስ። ቡድኑ ገና ባይዋሃድም ማዕዘንና ቅጣት ምት በልምምድ ብቻ ጎል ይሆናሉ፤ ረጃጅሞቹን ወደፊት ስትልኩ ግን ሁለት ፈጣኖች ኋላ ይቅሩ።

ታዳጊው ተሳስቶ ጎል ሲገባ ወዲያው አትቀይሩት። እስከ እረፍት ጠብቁት፣ ለብቻው ጠርታችሁ የት መቆም እንደነበረበት አሳዩት፣ ጉዳት ከሌለበት በቀር ሁለተኛውንም አጋማሽ አስጀምሩት።