ኢኮኖሚን ዲጂታል ስናደርግ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምና አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። ፎርሙን ኦንላይን ሞልቼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ፕሪንት አድርገህ ከመታወቂያህ ኮፒ ጋር አምጣው" አለችኝ። አመጣሁ። ያንኑ ወረቀት እያየች እንደገና ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው። ግማሽ ቀኔ ሄደ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚደጋገሙ ስህተቶችን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ቀን ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ

ኮምፒውተር መግዛት ቀላሉ ነው። ከባዱ ሦስት ፊርማ የሚጠይቀውን አሠራር ወደ አንድ ማውረድ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲስተም ሲገባ ባለጉዳዩ ሁለት ጣጣ ይኖረዋል፤ ወረቀቱም አለ፣ ሲስተሙም አለ።

ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ አለው ብሎ ማሰብ

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤምፔሳ በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር ተራ ስልክና ሲም ካርድ ይበቃው ነበር። መጀመሪያ የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነው። በሙከራው ጊዜ ግን ሰዎቹ ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ኩባንያውም ሰዉ የሚፈልገውን አይቶ መንገዱን ቀየረ።

እኔ ግን ነገሩን በእግሩ ያቆመው ወኪሉ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰፈር ባለሱቅ ማለቴ ነው። ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ስልክ ላይ ያስገባል፣ ከስልክ አውጥቶ ይሰጣል፣ ማንበብ ለማይችል ያስረዳል። የእኛው ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው። በአፕ ብቻ የሚወጣ አገልግሎት ሳይ የሚያሳስበኝ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ናት። እሷን ያላስገባ ኢኮኖሚ ዲጂታል ሆኗል ለማለት ይከብደኛል።

ጥጃው ሳይጠባ ማለብ

ጋና በግንቦት 2022 በሞባይል በሚላክ ገንዘብ ላይ 1.5 በመቶ ግብር ጣለች። በቀን እስከ 100 ሲዲ (የጋና ገንዘብ ነው) የሚልክ ነፃ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ሰው ወደ ጥሬ ገንዘብ ሸሸ። በ2023 ግብሩ ወደ 1 በመቶ ወረደ፣ በ2025 ጭራሽ ተሰረዘ። ኡጋንዳም በ2018 የጣለችውን 1 በመቶ በዚያው ዓመት ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ አድርጋለች።

መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል፣ አልክድም። ግን ልጅ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ትርፍ አይደለም። ሌላም ጉዳት አለ። ኬንያ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ኤምሽዋሪ የተባለ የስልክ ቁጠባና ብድር አገልግሎት ሰዎች በስልክ ያንቀሳቀሱትን ገንዘብ እያየ ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር ይሰጣል። ነጋዴው ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲመለስ ይህ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ባንክ ሲሄድ ደግሞ ቤት አስይዝ ይባላል።

ሕጉን ትቶ ምዝገባውን ማስቀደም

ኬንያ በ2019 ሁዱማ ናምባ የተባለ ዲጂታል መታወቂያ መመዝገብ ጀመረች። ድሮም መታወቂያ ለማግኘት የሚቸገሩት የኑቢያ ተወላጆች መብት ተሟጋቾች "ይህ ጭራሽ ከአገልግሎት ውጭ ያደርገናል" ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በጥቅምት 2021 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው አደጋ አስቀድሞ አልተጠናም በማለት የካርዱን ሥርጭት ሕገወጥ ነው አለው። ያን ያህል ገንዘብና ድካም! እኛም በፋይዳ መንገድ ላይ ነን። እጁ በሥራ የሻከረ ገበሬ አሻራው አልነበብ ቢል በምን ይስተናገዳል? ይህ ከወዲሁ መመለስ አለበት።

ኔትወርክ ሁልጊዜ ይኖራል ማለት

በመጋቢት 2024 በምዕራብ አፍሪካ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ ብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት አጡ። እኛ ጋ ኬብል እስኪበጠስም አይጠበቅም። መስኮቱ ላይ "ሲስተም የለም" የሚል ወረቀት ሲለጠፍ፣ አምስት ሰዓት ተጉዞ ከገጠር የመጣው ሰው ማደሪያ መፈለግ ይጀምራል። ቢያንስ ማመልከቻውን በመዝገብ ተቀብሎ፣ ሲስተሙ ሲመለስ አስገብቶ፣ ውጤቱን በኤስኤምኤስ መላክ ይቻላል።